በመሐላ የማይጻፍ የልደት ቀን

ረቡዕ ጠዋት አምስተርዳም አጠገብ ካለችው ከዲመን ስነሳ ጉዳዬ አንድ ነበር፦ የአንዲት እናት ድምፅ መስጫ ወረቀት ከሮተርዳም ደቡብ፣ ከዙይድ፣ ወጥቶ ፖስታ ቤት ሲገባ ማየት። ምርጫው የእኔ አይደለም። የሆላንድ ፓስፖርት ይዤ፣ ዲመን ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን የማጥብና መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የማስውጥ ሰው ነኝ። አሜሪካን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። በአሜሪካኖች ምርጫ ጥልቅ ያደረገኝ አማርኛዬ ነው። ጆአን የምትባል ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት መምህርት አለች፤ ባሏን እስኪሞት ድረስ ሁለት ዓመት አስታምሜላታለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ከአገራቸው ውጭ ያሉ አሜሪካኖችና ወታደሮች እንዲመርጡ በነፃ ትረዳለች። የእኛ አገር ሰው ሲገጥማት ለእኔ ትደውላለች።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ከሌለ፣ ሁለቱ ቀዳሚዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመለያ ዙር ይገጥማሉ። በዚያች አጭር ጊዜ ባሕር ማዶ ወረቀት ልኮ፣ አስሞልቶ መመለስ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ውጭ ላለ ሰውና ለወታደር ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ሁለተኛም አብሮ ይላካል። በሁለተኛው ላይ መራጩ ተወዳዳሪዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቁጥር ያስቀምጣቸዋል። ለመለያው ካለፉት ከሁለቱ የቱን እንዳስቀደመ ታይቶ ድምፁ ለዚያ ይቆጠራል።

ይህን እኔ ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እናትየዋ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ግን፣ ኋላ እንዳየሁት፣ አንዴ አንብበው ገብቷቸዋል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዲመን

ዝናብ ነበር። በዚህ አገር ዝናብ በኅዳር ወደ ጎን ነው የሚዘንበው፤ ጃንጥላ መያዝ ለነፋስ መጫወቻ ማቀበል ነው። ከዲመን ዙይድ ጣቢያ ሜትሮ የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዤ ወደ አምስተርዳም ሄድኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ስለ ኪራይ ያወራሉ፤ አንዷ ለአንዲት ክፍል የምትከፍለውን ስትናገር እኔ ሳላስበው ቀና አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ባዶ ፖስታዎች፣ ሰማያዊ እስክሪብቶና ደንቡን በአማርኛ የጻፍኩበት ደብተር አለ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አምስተርዳም

ጆአንን ያገኘኋት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ቤተ መጻሕፍት፣ ምድር ቤቱ ካፌ ውስጥ ነው። የተለመደውን ትእዛዝ ደገመችልኝ። ስለ ተወዳዳሪ አንድ ቃል አትተነፍሺም፤ የሰው ድምፅ መስጫ ወረቀት በእጅሽ አትነኪም፤ ሲሞሉ ዞር ትያለሽ። እናቴ በልጅነቴ የሰው ዕቃ እንዳልነካ ስታስጠነቅቀኝ እንዲህ ነበረች።

የዕለቱ ጉዳይ ሁለት ሰው ነው። አንደኛው እኛ ሄግ በምንላት በዴን ሃግ የሚሠራ ወታደር፤ ሁለተኛዋ ወይዘሮ በላይነሽ። ወይዘሮዋ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖረው ዜግነት አግኝተዋል፤ አሁን ሮተርዳም ልጃቸው ዘንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ዙር ወረቀት በጊዜው ልከው ነበር። የምርጫ ቢሮው፣ ፖስታው ላይ የጻፉት የልደት ቀን ከመዝገቡ አይገጥምም ብሎ ሳይቆጥረው ቀረ። እንዲያስተካክሉ የተላከው ኢሜይል ልጃቸው ዘንድ ሳይከፈት ቀኑ አለፈ። የመለያው ዙር ወረቀት ግን እስካሁን በእጃቸው ነው። እስከ ምርጫው ቀን የፖስታ ቤት ማኅተም ካረፈበት ይቆጠራል፤ ለዚያ ደግሞ የቀረው ስድስት ቀን ነው።

«በአቆጣጠር ተምታቶባቸው ይሆናል» አለች ጆአን። እኔም አልተጠራጠርኩም። ስንቱን ሰው በመስከረምና በሴፕቴምበር መካከል አሻግሬአለሁ። ሮተርዳም ደርሼ፣ ቀኑን ለውጬ፣ ሻይ ጠጥቼ እንደምመለስ እርግጠኛ ነበርኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ዴን ሃግ

ባቡሩ በውሃ በተሞሉ ቦዮችና ጥቁር አፈር ላይ በቆሙ በጎች መካከል ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሄደ። ጣቢያው ላይ አይብ ያለበት ዳቦ ገዝቼ አንዴ ከገመጥኩ በኋላ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። ረቡዕ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ የነቢያትም ጾም ገብቷል። የተረፈውን በወረቀቱ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሦስት ዩሮ ከዘጠና አምስት ሳንቲም ከፍዬ ጥቁር ቡና ያዝኩ።

ሳጅን ዮናስ በምሳ ሰዓቱ ጣቢያው አዳራሽ ድረስ መጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ልጅ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ከነፖስታው፣ ሳይከፍት፣ በፕላስቲክ አድርጎ ይዞታል። ሁለት ድምፅ መስጫ ሲደርሰው ቢሮው ተሳስቶ የላከው መስሎት፣ አንድ ሰው ሁለቴ መምረጥ ወንጀል ነው ብሎ፣ ሊመልስላቸው አስቀምጦት ኖሯል። ስለ ተንኮል ብዙ ሰምቻለሁ፤ በታማኝነት ብዛት ድምፁን ሊያጣ የነበረ ሰው ግን ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

አስረዳሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሞላ፤ እኔም ወደ ባቡር ሰሌዳው ዞር አልኩ። ፖስታው ጀርባ ላይ ቃለ መሐላ አለ፦ ከዚህ በላይ የሞላሁት እውነት ነው፤ ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ ይላል። ከዚያ ፊርማና የልደት ቀን። ዮናስ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈና ሳቀ። ስድስቱም የእናቱ ልጆች ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለዱት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበረው የስደተኞች ጣቢያ መዝጋቢው ዕድሜያቸውን በዓይኑ እየገመተ ዓመቱን ይጽፍና ለቀኑ ለሁሉም ያችኑ ይሰጥ ነበር። አዲሱን ዓመት ሲያከብሩ ለስድስቱም አንድ ኬክ ይቆረጣል አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወረቀቱን በወታደር ፖስታ እንደሚልክ ነግሮኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ስምንት ሰዓት፣ ሮተርዳም ዙይድ

በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ስለያዝኩ ራይስዋይክና ዴልፍት የሚባሉትን ከተሞች በመስኮት አየሁ። ሮተርዳም ስደርስ ወደ ሜትሮ ቀየርኩ። ሜትሮው ከወንዙ ሥር ገብቶ ደቡብ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣና ከቤቶቹ ሁለተኛ ፎቅ ጋር እኩል ይሄዳል። በየመስኮቱ የተሰጣ ልብስ፣ ዲሽ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መስኮት ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን የምትቆርጥ ሴት አየሁ።

የእትዬ በላይነሽ ልጅ ሳራ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ደረጃው ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል። በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ ሆስፒታል በጽዳት ኃላፊነት ትሠራለች፤ ለዚህ ጉዳይ ብላ ፈቃድ ወስዳለች። ከዓይኗ እንቅልፍ ማጣቷ ይታያል። ኢሜይሉን ሳታይ በመቅረቷ ራሷን ስትወቅስ ሰንብታለች።

እትዬ በላይነሽ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ፊታቸው ነው። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩና ወዲያው ወደ ጉዳዬ ገባሁ፤ ደብተሬን ከፍቼ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ እንዴት እንደምንለውጥ ማስረዳት ጀመርኩ። አንገታቸውን ነቅነቅ እያደረጉ እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ አቆጣጠሩን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «የተወለድኩት ኅዳር ሚካኤል ነው። በእነሱ ኖቬምበር ሃያ አንድ። ፖስታው ላይ የጻፍኩት ያንኑ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ያለውስ?»

«ጃንዋሪ አንድ ነው። እሱ ሐሰት ነው።»

እዚህ ላይ የደብተሬ ጥቅም አለቀ። እትዬ በላይነሽ ነገሩን ሳይቸኩሉ ነገሩኝ። አባታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ የልጆቻቸውን የልደት ቀን በዳዊታቸው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። እሳቸውም በስደት ባለፉበት ገዳሪፍ ግን መዝጋቢው አልሰማቸውም። ዜግነት ሲያገኙ ሹሟ ቀኑን አንብባ እውነት ነው ወይ ብላ በመሐላ ጠየቀቻቸው፤ ልጆቻቸውን አስበው አዎ አሉ። ያች አዎ ውስጣቸው ተቀምጣ አላስተኛ አለቻቸው። ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ፤ ቀኖናቸውን ፈጸሙ፤ ዳግመኛ በዚያ ቀን ላይ ላይምሉ ቃል ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን በአፋቸው ብለውት አያውቁም። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ እዚህ ማዘጋጃ ቤት ሲጠየቁ ካርዳቸውን ያቀብላሉ፤ አንብበው ይጻፉት ይላሉ። አሜሪካ እያሉ የመረጡትም እንዲሁ ነበር፤ ካርድ አሳይተው ይገባሉ፤ ማንም ጻፊ አላላቸውም። በመሐላ ሥር በእጃቸው እንዲጽፉት የጠየቃቸው ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ፖስታ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ይቅርብኝ እንዳይሉ ደግሞ ሌላ ቃል አለባቸው። አሜሪካ ዓለሚቱ የምትባል ጓደኛ አለቻቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ ናቸው። ዓለሚቱ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምትሄደው በአንድ የአውቶቡስ መስመር ነው። የመለያው ዙር ለአውራጃው ምክር ቤት ወንበር ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ያንን መስመር አስቀራለሁ ብሏል። ዓለሚቱ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ስለሌላት መምረጥ አትችልም። እትዬ በላይነሽ እኔ እመርጥልሻለሁ ብለዋታል። የትኛው ተወዳዳሪ የቱን እንዳለ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ግን እንዲተዉት ለመንኳቸው።

«ማማ፣ ኸዎን ኢንፉለን» አለች ሳራ፤ ዝም ብለሽ ሙዪው ማለቷ ነው። «ቀን ነው። አንድ ቀን! ዓለሚቱ ከምትሞት አንቺ አንዲት ቁጥር ብትጽፊ ምን አለበት?»

እትዬ በላይነሽ ምርጫ ቢሮው ይደወልልኝ አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት

እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሜሪካ ያለው ምርጫ ቢሮ ይከፈታል። ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ቃላቷን እየሳበች የምትናገር፣ ትዕግሥተኛ ሰው ናት። የልደት ቀንን በመዝገብ ላይ የሚያስተካክል ፎርም አለ፤ ራሳቸው በቃለ መሐላ ትክክለኛውን ጽፈው ይልካሉ። ሆኖም ለዚህ ዙር መዝገቡ ተዘግቷል፤ የሚያገለግለው ለሚቀጥለው ነው። ለአሁኑ በመዝገቡ ያለው ካልተጻፈ ድምፁ አይቆጠርም።

ሁሉንም ተረጎምኩላቸው። እትዬ በላይነሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ አሉ፦ እሷ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ጠየቅሁ። ሴትዮዋ፣ ይህን እንድመልስ አይፈቀድልኝም፤ በጸሎቴ ግን አስባቸዋለሁ አለች። ለእሱም አመሰገኗት።

ስልኩን ስዘጋ ተራው የእኔ ሆነ። የጆአን ትእዛዝ ስለ ተወዳዳሪ ነው እንጂ ስለ ልደት ቀን አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ገባሁበት። ቀኑ የመዝገብ ቁጥር ማለት ነው አልኳቸው፤ እንደ ቤት ቁጥር ይዩት። ሁላችንም ጽፈነዋል።

«አንቺም?»

«እኔም ጃንዋሪ አንድ ነኝ፣ እትዬ።»

«እውነተኛውስ መቼ ነው?»

ወደ ፖስታው ጠቆምኩና ሰዓቱ እየሄደ ነው አልኩ። አስተዋሉኝ፤ ግን አልደገሙትም።

ስልክ አንሺልኝ አሏት ልጃቸውን፤ ወደ ዓለሚቱ ይደወል። ሳራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዓለሚቱ ያን ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ የበሩ ፉጨት ይሰማል። እትዬ በላይነሽ ሁሉንም ነገሯት፤ ንስሐቸውን ጭምር። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲሠሩ ይህን አልነገሯትም ነበር። ዓለሚቱ ስትመልስ ድምፅዋ አልተለወጠም።

«በእኔ ምክንያት እንዳትምዪ፣ በሌ። አውቶቡሱ ቢቀር የቤተ ክርስቲያን ልጆች አሉ፤ አንዱ ያደርሰኛል። አንቺን ከማልሽ በኋላ ማን ያደርስሻል?»

እትዬ በላይነሽ አለቀሱ። ብዙም አይደለም፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ወደ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሲወጡ ድምፅ መስጫው ታሽጓል። ጀርባው ላይ፣ ከቃለ መሐላው ሥር፣ በቀስታ በተጻፈ ቁጥር ኖቬምበር ሃያ አንድ ይላል።

«ይጥሉታል» አለች ሳራ። «እያወቅሽ!»

«ይጣሉት። መጣሉ የእነሱ ሥራ ነው። መምረጡ ግን የእኔ ነበር፤ መርጫለሁ።»

ከዚያ የማስተካከያውን ፎርም ሳራ ከኢሜይል አትማ አመጣች። እሱን በፊቴ ሞሉት፤ ትክክለኛው ቀን ከሚለው ሣጥን ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ዓመተ ምሕረቱን ሁለቴ አስልተው ጻፉ። ሁለቱን ፖስታዎች ይዘን ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን። ፖስታ የሚቀበለው ሲጋራና ጋዜጣ የሚሸጠው ጥግ ላይ ያለ ሱቅ ነው። እትዬ በላይነሽ ማኅተሙ ሲያርፍ በዓይኔ ካላየሁ አልሄድም ብለው ቆሙ። ባለሱቁ ቱርካዊ ነው፤ ፈገግ ብሎ ፖስታዎቹን በየተራ ወደ እሳቸው አዞረና አሳያቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዲመን

ቤቴ ስገባ ጫማዬ ርሷል። ለጆአን ደውዬ አንዱ እንደሚቆጠር፣ አንዱ እንደማይቆጠር ነገርኳት። ለምን እንዳላግባባኋቸው ጠየቀችኝ። አግባብቻለሁ፤ አልተሳካልኝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር በውስጤ ተናድጄ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ባቡር ለባቡር ተንከራትቼ የተጠየቅሁትን አንዱን ነገር ሳልሠራ መመለሴ ከነከነኝ።

የሆነውም እንደተባለው ነው። ቢሮው ወረቀቱን አልቆጠረም፤ መስመሩን አስቀራለሁ ያለውም ሰው አሸነፈ። አውቶቡሱ እስካሁን ይሠራል፤ እስከ መቼ እንደሚሠራ ማንም አያውቅም። ከሳምንታት በኋላ ግን ሳራ የአንድ ደብዳቤ ፎቶ ላከችልኝ። መዝገቡ ተስተካክሏል። በሚቀጥለው ምርጫ እትዬ በላይነሽ ያንኑ ቀን ይጽፋሉ፤ ድምፃቸውም ይቆጠራል። ሳራ ከፎቶው ሥር፣ እናቴ ደብዳቤውን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው ብላ ጽፋለች።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ቢሉኝ፣ ያን ቀን ማታ ምንም እል ነበር። ሳራ የደብዳቤውን ፎቶ በላከችልኝ ማግስት ግን ቀጠሮ ይዤ ዲመን ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት የልደት ቀን ማስተካከያ ይቻላል፤ ማስረጃና ቃለ መሐላ ያስፈልጋል አለችና ፎርሙን ሰጠችኝ። ሁለት ሣጥን አለው። በመዝገብ ያለው ቀን የሚለውን ወዲያው ሞላሁ፤ ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት ነው። ትክክለኛው ቀን የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ደውዬ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቅሁት። ክረምት ነበር መሰለኝ አለኝ፤ ከፍልሰታ በፊት ይሁን በኋላ አያውቅም። የምታውቀው እማማ ብቻ ነበረች፤ ጠይቀሻት አታውቂም እንዴ አለኝ። እናታችን ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሕይወት ሳለች በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ሰው ሠርግ አውርተናል። ይህን ግን አልጠየቅኋትም። እትዬ በላይነሽ ሐሰት ነው ብለው የሚተዉት ቀን የነበራቸው፣ እውነቱን ስለያዙ ነው።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩና ፎርሙን አንዱ ሣጥን ባዶ እንደሆነ ሰጠኋት። ልጅቷ አየችውና፣ ሲገኝ ይመለሱ አለችኝ።